የዘንዶ ፍሬ ዱቄትና ሃያ ሰባት እግር ቡና

ጥሩነሽ በነርስነት በሠራችባቸው ሠላሳ ዓመታት ብዙ ስም ወጥቶላታል። «ሰገራ ሰብሳቢዋ» የተባለችው ግን ጡረታ ከወጣች በኋላ ነው። ጧት ጧት በባጃጅ የመቱን ከተማ ከላይ እስከ ታች ትዞራለች። ከየደጁ ክዳኑ የጠበቀ ትንሽ ብልቃጥ ተቀብላ በረዶ በያዘ ሣጥን ውስጥ ትከታለች፤ ከዚያ ደብተሯን አውጥታ ሰዎቹ በየቀኑ የበሉትንና ስንት ጊዜ እንደተጸዳዱ ጠይቃ ትጽፋለች። የባጃጅ ነጂዎች «እትዬ፣ ዛሬስ ጭነቱ እንዴት ነው?» እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች። ለሰው የሚበጅ ነገር እየሠራሁ ነው ብላ ያመነች ሴት፣ ቢስቁባትም አይከብዳትም።

ጥናቱ የዶክተር ፋሲል ነው። ዶክተር ፋሲል ከአዲስ አበባ የመጣ፣ አርባ ያልሞላው፣ አንደበቱ የጣፈጠ ተመራማሪ ነው። የሚያጠናው ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ፍሬ ነው። ተክሉ የቁልቋል ዘመድ ነው፤ ፍሬው ቀይ ሆኖ ቅርፊቱ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተነሳሳ ነው። ፈረንጆቹ በዘንዶ ስም ስለሚጠሩት የመቱም ሰው «የዘንዶ ፍሬ» አለው። ጭማቂው ከወጣ በኋላ የሚቀረው አሰር ደርቆ ይፈጭና ዱቄት ይሆናል። «ሆዳችን ውስጥ የሚኖሩ ደጋግ ባክቴሪያዎች አሉ» እያለ ዶክተሩ ለሰው ያስረዳል። «እኛ የማንፈጨውን አሰር እነሱ ይመገቡታል። እነሱ ሲጠግቡ እኛ ጤና እናገኛለን።» ሲናገር እንኳን ሌላው፣ ስንቱን ሰባኪ የሰሙ የሰንበቴ ሽማግሌዎች አፋቸውን ከፍተው ያዳምጡታል።

አሠራሩ ቀላል ነበር። አርባ ሰው ከመቱ፣ አርባ ሰው ከሁሩሙ። የአንዱ ከተማ ሰዎች ለስምንት ሳምንት በየቀኑ አንድ ማንኪያ የዘንዶ ፍሬ ዱቄት በውሃ በጥብጠው ይጠጣሉ፤ የሌላው ከተማ ሰዎች ደግሞ መልኩ ተመሳሳይ የሆነ፣ ምንም የማይሠራ ዱቄት። የትኛው ዱቄት ለየትኛው ከተማ እንደሄደ ለማንም አይነገርም፤ ለጥሩነሽም ጭምር። ሰዎቹ ከተማ ለከተማ የተለዩት ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ አገር ጎረቤት ከጎረቤት ይቃመሳል። ለአንድ ቤት የተሰጠ መድኃኒት ሳይውል ሳያድር ሦስት ቤት ይደርሳል። ይህን ለዶክተሩ የነገረችው እሷው ናት፤ እሱም «እትዬ ጥሩነሽ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር!» ብሎ አመስግኗታል።

ሰዎቹንም የመለመለችው እሷው ናት። በመቱ የሚታመን ሰው ከየት አገኛለሁ ብላ ብዙ አልተጨነቀችም፤ ከጽዋ ማኅበሯና ከሰንበቴዋ ሰበሰበች። ለሁሩሙ ደግሞ የሟች ባሏ የኩምሳ ታላቅ ወንድም ደበሳ አለላት። ደበሳ ቡና ገበሬ ነው፤ የወንጌላውያን ጸሎት ቤት ሽማግሌም ነው። በአንድ እሑድ ከምእመናኑ ሠላሳ ዘጠኝ ሰው አሰልፎ አርባኛው ራሱ ሆነ።

የተሳታፊዎቹ ፎርም «ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማይመገቡ ነዎት?» የሚል ጥያቄ ነበረበት። የመቱ ሰዎች በዚህ ጥያቄ ተቆጡ። የጽዋ ማኅበሩ አንጋፋ እትዬ ሽብሬ «ምን ሆኜ ነው የማልመገበው? ያውም በቅበላ!» ብለው እጃቸውን አወናጨፉ። «እመገባለሁ» በሚለው ላይ ምልክት ተደረገላቸው። አርባውም እንዲያው አሉ። የመጀመሪያው ናሙና የተወሰደው በዚያው በቅበላ ሳምንት ነው። ዱቄቱ የተጀመረው በቀጣዩ ሰኞ። የመጨረሻው ናሙና የተሰበሰበው ቅዳም ስዑር ዕለት። ልቅም ያለ ስምንት ሳምንት።

ይህን የሰማ የአገሬ ሰው ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሳይገባው አይቀርም። ጥሩነሽ ግን አልገባትም። አትፍረዱባት። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ሁዳዴን ጾማለች፤ ለእሷ ሁዳዴ እንደ ክረምት ዝናብ በየዓመቱ የሚመጣ ነገር እንጂ ለዶክተር የሚነገር ወሬ አይደለም። ሽሮ ሲሏት ሽሮ ብላ ጻፈች፤ ጎመን ሲሏት ጎመን ብላ ጻፈች። በሳምንት ሁለት ቀን በሚኒባስ ሁሩሙ ወርዳ ደግሞ ቅቤ ሲሏት ቅቤ ብላ ጻፈች። ሁለቱን ደብተር ጎን ለጎን አድርጋ አላየችም።

ከፋሲካ ሦስት ሳምንት በኋላ ውጤቱ ወጣ። እውነተኛውን ዱቄት የጠጡት የመቱ ሰዎች ነበሩ። የሆዳቸው ደጋግ ባክቴሪያ እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ የሁሩሙዎቹ እንደነበረ ቀረ። ፕሮጀክቱ ውጤቱን በአንድ ወረቀት በአማርኛና በኦሮምኛ አሳትሞ ለገበሬው በተነ። ከግርጌው ሁለት ፊርማ አለ፤ የዶክተሩና «መረጃ ሰብሳቢ» ተብሎ የጥሩነሽ። የዘንዶ ፍሬ ችግኝ በነጻ እንደሚታደልም ተጻፈ። ተክሉ ጥላ አይወድም፤ የሚተከልበት መሬት ከቡናም ከጥላ ዛፍም የጸዳ መሆን አለበት። ጥሩነሽ ወረቀቱን ግድግዳዋ ላይ ለጥፋ ሦስት ቀን ስትኮራ ሰነበተች።

በአራተኛው ቀን እትዬ ሽብሬ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ያዟት። «ጥሩዬ፣ ለማንም አትንገሪ እንጂ ከዚያ ዱቄት አንድ ቆርቆሮ አስቀርቼ ነበር።»

«የተረፈውን መልሱ ተብሎ አልነበር እንዴ እትዬ?»

«ተብሎ ነበር። እኔ ምን ላድርግ፣ በሁዳዴ ሆዴን እንደ ሰዓት ነበር ያደረገልኝ! ከፋሲካ ወዲህ ግን ጊዜው አልፎበት ነው መሰለኝ፣ በቀን ሁለት ማንኪያ እየጠጣሁ ሆዴ እንደ ድንጋይ ደረቀ። ዘንዶው ጉልበቱን በጾሙ ጨረሰው?» አሉና ከት ብለው ሳቁ። «ይበለኝ። ከእባብ እጅ ፍሬ የተቀበለች ምን እንዳገኛት እያወቅሁ!»

ጥሩነሽ አልሳቀችም። ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ወደ ቤቷ ሮጠች።

ሁለቱን ደብተር ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቻቸው። በመቱው ደብተር ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ የባቄላ ቆሎ፣ የተልባ ፍትፍት፣ ጎደሬ፣ ደግሞ ሽሮ። በሁሩሙው ደብተር ቅቤ፣ አይብ፣ ወተት፣ ሥጋ። ከመቱ አርባ ሰዎች ሦስቱ አልጾሙም ነበር፤ አንዷ አራስ፣ ሁለቱ የስኳር ሕመምተኛ ሆነው የንስሐ አባታቸው የፈቱላቸው። ዱቄቱን ግን እንደማንም ጠጥተዋል። የሦስቱን ገጽ ገለጠች። የሚጸዳዱበት ቁጥር ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ያው ነው። ለውጡ የታየው በሠላሳ ሰባቱ ጾመኞች ላይ ብቻ ነበር። ጥሩነሽ ግንባሯን በመዳፏ መታች። ሥጋና ቅቤ ጠግቦ ለስምንት ሳምንት ወደ ጥራጥሬና ጎመን የተመለሰ ሆድ ያለ ዘንዶም ቢሆን ይለወጣል! ይህን ለማወቅ ነርስ መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ሁዳዴ መጾም ይበቃል። ይህን ሁሉ በገዛ እጇ ጽፋ፣ በገዛ እጇ ፈርማለች።

በነጋታው ሁለቱን ደብተር በብብቷ ይዛ ዶክተር ፋሲል ቢሮ ገባች።

«ዶክተር፣ የመቱዎቹ ሰዎች እኮ ጾመኞች ነበሩ።»

«አውቃለሁ እትዬ ጥሩነሽ፣ ሃይማኖተኛ ሕዝብ ነው።»

«ሃይማኖታቸውን አይደለም የምነግርዎት፤ የበሉትን ነው። ጥናቱ ከሁዳዴ ጋር ገብቶ ከሁዳዴ ጋር ወጣ። የሁሩሙዎቹ ደግሞ አይጾሙም። ዱቄቱን ከጾሙ በምን ለየነው?»

ዶክተሩ ፈገግታው ጠፋ። «ፎርሙ ላይ ጾም የሚል ጥያቄ የለም» አለ።

«ደብተሬ ላይ አለ። በየቀኑ፣ በየሰዉ።»

«ደብተሩ...» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «የደብተሩ መረጃ ኮምፒውተር ውስጥ አልገባም። በእጅ የተጻፈ ስለሆነ፣ ጊዜም አጥሮን...»

ጥሩነሽ ደሟ ፈላ። ስምንት ሳምንት! በዝናብ በጭቃ፣ የከተማው መሳቂያ ሆና፣ የሰው ጓዳ እየገባች የለቀመችው ቃል አንድ ሰው እንኳ ገልጦ ሳያነበው ውጤት ተብሎ ታተመ። ሰገራው ሲመረመር ቃሉ ተጣለ። ከዚህ በላይ ንቀት አለ?

«እናትህ በሁዳዴ ምን ትበላለች?» አለችው። ከእርስዎ ወደ አንተ መውረዷን ሁለቱም ሰምተውታል።

ዶክተሩ ጠረጴዛውን አየ። «ሽሮ» አለ።

«ታዲያ አንተ ሳታውቅ ማን ሊያውቅ ነበር?»

«ሪፖርቱ ተልኳል እኮ እትዬ። ችግኙም መንገድ ላይ ነው። ደግሞ ይሄ ነገር ዱቄቱ አይሠራም ማለት አይደለም።»

«አይሠራም አላልኩም። አላወቅንም ነው ያልኩት። ባላወቅነው ነገር ሰው ቡናውን ይቁረጥ?»

«በሚቀጥለው ዙር ጾሙን እናስገባዋለን» አለ ድምፁን አለስልሶ። «እርስዎም ዋና አስተባባሪ ሆነው ይቀጥላሉ፤ እኔ እጽፍልዎታለሁ።»

ጥሩነሽ ደብተሮቿን ሰብስባ ወጣች። በስድሳ ሁለት ዓመቷ በሹመት አፏን ሊዘጋ መሞከሩ ከደብተሩ ይልቅ አንጀቷን አሳረራት። ደግሞ ትዝ አላት። ነገ ሁሩሙ ላይ የገበሬ ስብሰባ አለ። ደበሳም ወረቀቱ ደርሶታል።

በማግስቱ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዛ ሁሩሙ ወረደች። ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ደበሳ ማሳ የሚወስደውን ቀጭን መንገድ ስትይዝ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማች። ጉልበቷ እያቃሰተ ሮጠች። ደበሳ ሸሚዙን አውልቆ ቡና ይቆርጣል። በሳር ላይ የተጋደሙትን ቆጠረች፤ ሃያ ስድስት እግር። እሷ ስትደርስ ሃያ ሰባተኛው ወደቀ።

«ጋሼ ደበሳ! ማሎ፣ እባክዎ፣ እጅዎን ይሰብስቡ!»

ደበሳ ላቡን ጠርጎ ፈገግ አለ። «ዋቃ አመጣሽ! ነይ፣ መሬቱን እዪልኝ። የታችኛውን ጨርሻለሁ። ነገ ደግሞ ሞተር መጋዝ ያለው ሰው መጥቶ እሱን ይጥልልኛል» አለና ወደ ላይ አመለከተ። ግንዱ ላይ ለመጋዙ ምልክት ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ትልቁ ዋንዛ ነው። ኩምሳ እሷን ባገባ ዓመት የተከለው፣ የላይኛው ቡና ሁሉ በጥላው ያደገበት።

ጥሩነሽ ዋንዛውን ቀና ብላ አየችው። ከዚህ ማሳ በወጣ ቡና ነው ኩምሳ የተማረው፤ ሲታመምም ከዚህ ማሳ በወጣ ቡና ነው የታከመው። ደበሳም ያለው ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ተረት ዓይኗ ሥር በመጥረቢያ ሲፈጸም አየች።

«ወረቀቱ ስህተት ነው ጋሼ። እኛ መቱዎቹ ጾም ላይ ነበርን። ሆዳችንን ያሻለው ዱቄቱ ይሁን ጎመኑ አይታወቅም።»

ደበሳ መጥረቢያውን መሬት ላይ አሳረፈ። «እኔ እኮ ሆድህ ባዶ ነው ተብያለሁ» አለ። «የመቱ ሰው ሆድ ሲመሰገን የኛ የሁሩሙዎቹ ተነወረ። ጸሎት ቤት ሰዉ ሁሉ በዚህ ሲሳለቅ ሰነበተ። ልጆቼ እንዲህ አይባሉም ብዬ ነው መጥረቢያ ያነሳሁት። ደግሞ ፊርማሽ አለበት። ሌላ ሰው ቢፈርምበት ቡናዬን እነካ ነበር? ጥሩነሽ ካለችበት እውነት ነው አልኩ።»

«ዛሬ ግን እኔው ነኝ ስህተት ነው የምልዎት።»

«ኤዬ፣ ትላንት በወረቀት አዎ አልሽ፤ ዛሬ ቡና ሥር ቆመሽ ለብቻዬ አይደለም ትያለሽ። የቱን ልያዝ?» ደበሳ አልተቆጣም፤ እንደ ሽማግሌ ፍርድ ሰጠ እንጂ። «የኔ እህት፣ ቃል ከሰው ፊት ነው። ዶክተሩ ባለበት፣ ሰው በሰማበት ተናገሪ። ያን ጊዜ እሰማሻለሁ። ያለዚያ መጋዙ ነገ ይመጣል።»

ስብሰባው እኩለ ቀን ላይ ተጀመረ። አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ደበሳ ከፊት ተቀምጧል። ዶክተር ፋሲል በነጭ ጨርቅ ላይ ሁለት ቋሚ መስመር የሚያሳይ ሥዕል አበራ፤ የመቱው ረጅም፣ የሁሩሙው አጭር። «የዘንዶ ፍሬ አሰር ያመጣው ልዩነት ይህ ነው» አለ። ጥሩነሽ መኖሯን አይቷል፤ ዓይኑን ግን ወደ እሷ አላመጣም። ይኸው ደግሞ ቆሞ ይህንኑ ይደግመዋል! ትላንት በጆሮው ነግራው እያለ! ጥሩነሽ ብድግ አለች።

«ጥያቄ በመጨረሻ ነው» አለ ስብሰባውን የሚመራው ሰው።

«ጥያቄ የለኝም» አለች። ወደ ሕዝቡ ዞራም በኦሮምኛ ቀጠለች፤ ስለ ክትባት ሠላሳ ዓመት ባስተማረችበት ኦሮምኛ። «ዱቄቱን ስትጠጡ በነበረበት በዚያ ስምንት ሳምንት ሥጋ፣ ቅቤ ወይም ወተት የቀመሳችሁ እጃችሁን አውጡ።»

የአዳራሹ እጅ ወጣ። አንዲት አሮጊት ሁለቱንም እጃቸውን አወጡና ሰው ሳቀ።

«እኛ መቱዎቹ እጃችንን አናወጣም። ሁዳዴ ላይ ነበርን። በቅበላ ሥጋ ጠግበን የመጀመሪያውን ናሙና ሰጠን፤ ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ ጥራጥሬና ጎመን በልተን የመጨረሻውን ሰጠን። ይህን ሥዕል ያመጣው ዱቄቱ ይሁን ጎመናችን ማንም አያውቅም። እኔ አላውቅም። ዶክተሩም አያውቅም። የማናውቀውን እንደምናውቅ አድርገን ነው የፈረምንላችሁ።»

ዶክተሩ አስተርጓሚውን ከሰማ በኋላ ድምጽ ማጉያውን አነሳ። «ይሄ ሳይንሳዊ ትንታኔ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው፤ እዚህ...»

«ሥጋ መብላቴን የማውቀው እኔ ነኝ ወይስ ሳይንሱ?» አለ ከኋላ አንድ ሰው በአማርኛ። ሳቁ ከሁካታ ጋር ተቀላቀለ።

ያን ጊዜ ደበሳ ተነሳ። «ዶክተር» አለ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ። «እሷ ያለችው እውነት ነው ወይስ አይደለም? አንድ ቃል ብቻ።»

ዶክተር ፋሲል ሥዕሉን አየ፣ ሕዝቡን አየ። «መረጋገጥ ያለበት ነገር አለ» አለ።

«አንድ ቃል ነው ያልኩህ።»

«እውነት ነው» አለ ዶክተሩ።

ጥሩነሽ ወደ መድረኩ ሄደች። ጠረጴዛው ላይ ካለው የወረቀት ቁልል የላይኛውን አነሳች፤ እስክሪብቶ አውጥታ ፊርማዋን ሁሉ ሰው እያየ በሁለት መስመር ሰረዘችው። ከዚያ የቀጣዩን፣ ከዚያ የቀጣዩን። የከለከላት የለም። ስትጨርስ ቀና ብላ ደበሳን ፈለገችው፤ ወንበሩ ባዶ ነበር።

ውጭ ስትወጣ ከአዳራሹ ግድግዳ ተጠግቶ ስልክ ሲያናግር አገኘችው። «መጋዝህን ይዘህ እንዳትመጣ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም» ብሎ ዘጋው። ዋንዛው ተረፈ። ጥሩነሽ ወደ ደበሳ ቀረበች፤ ይቅርታ ልትል፣ ምናልባትም ደግ አደረግሽ እስኪላት ልትጠብቅ።

«ፊርማሽን ሰረዝሽ» አለ ደበሳ። «ደግ አደረግሽ።» ከዚያ ዓይኑን ወደ ማሳው አቅጣጫ ወረወረ። «ሃያ ሰባቱን እግር በምን ትሰርዥልኛለሽ?»

ጥሩነሽ እስክሪብቶውን እንደያዘች ነበረች።